ለሁሉም አዎ

“ልመልሰው ነው የመጣሁት” አለች ሻሂዳ፣ ሁለት የጆሮ መስሚያ መሣሪያዎች የያዘውን የላስቲክ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። “የሆስፒታል ንብረት ስለሆነ ቆሻሻ ውስጥ ልጥለው እጄ አልታዘዝ አለኝ።”

ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጡት ነጭ ፀጉራም ባልቴት ቀና አላሉም። በአንድ ሽማግሌ መስሚያ ውስጥ ቀጭን ሽቦ እየሰደዱ የጆሮ ኩክ ያወጣሉ። ሽማግሌው አጠገባቸው ተቀምጦ ብስኩቱን ሻይ ውስጥ ይነክራል። ሻሂዳ የተናገረችውን ልትደግም አፏን ስትከፍት ባልቴቷ በሽቦው ወደ ራሳቸው ጆሮ ጠቆሙ። እዚያም ትንሽ መስሚያ ተሰክቷል።

“ወደኔ ዞረሽ ተናገሪ፣ የኔ ልጅ። እኔም ጆሮ ከሚያስቸግራቸው ወገን ነኝ።”

ደረታቸው ላይ የለጠፉት ወረቀት “ኖርማ” ይላል። በየማክሰኞው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው አዳራሽ ለጆሮ ጉዳይ ይከፈታል፤ ወይዘሮ ኖርማና ሁለት እኩዮቻቸው የሆስፒታሉ ባለሙያ ያስተማራቸውን ይዘው ቱቦ ይቀይራሉ፣ ባትሪ ያድላሉ፣ ጆሮ በመብራት ያያሉ። ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል ይልካሉ። ክፍያ የለም። ለሻዩ ደስ ያለው ሰው ቆርቆሮ ውስጥ ሳንቲም ይጥላል። ሻሂዳ ይህን ሁሉ ያነበበችው ፋርማሲው በር ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ሲሆን፣ የመጣችው በቀጥታ ከሥራ ነው። ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ስለምትሠራ ካፖርቷ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።

እንደገና ወደ ሴትዮዋ ዞራ፣ ቃል በቃል ደገመችላቸው።

“የመስሚያው ባለቤት አረፉ እንዴ?” አሉ ኖርማ።

“ኧረ የለም! አባቴ አሉ። ብቻ… ከእንግዲህ አያስፈልጋቸውም። አእምሯቸው ደክሟል። ስለ ምግብ ሲጠየቁ ስለ አየሩ ይመልሳሉ። ሐሙስ ደግሞ አገራቸው ይገባሉ።”

“ዘመድ ጥየቃ?”

“ለመኖር። ወንድሜ ትኬቱን ቆርጧል። የአጎቴ ልጆች እዚያ አሉ፤ ሰፊ ግቢ፣ ፀሐይ፣ ሰው የሚበዛበት ቤት።” ወንድሟ ናዲም ያላትን እንዳለ ነበር የደገመችው።

“እሳቸውስ ምን አሉ?”

“አዎ አሉ።”

ኖርማ የሽማግሌውን መስሚያ መለሱለትና ከረጢቱን ከፈቱ። አንዱን መስሚያ አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት። ከጆሮ ጀርባ ከሚውለው ክፍል ወደ ጆሮ የሚገባው ቱቦ ቢጫ ሆኖ እንደ ደረቅ ፓስታ ጠንክሯል።

“ይህ መቼ ነው የተቀየረው?”

“ይቀየራል እንዴ?”

“በዓመት ሁለቴ ያህል። በዚህ ውስጥ መለከት ቢነፋ እንኳ አያልፍም።”

“ማንም አልነገረንም።”

“ነግረዋቸው ይሆናል” አሉ ኖርማ። “እሳቸውም አዎ ብለው ይሆናል።”

ሻሂዳ ነገሩን እንደ ቀልድ አለፈችው። መስሚያዎቹን ከሦስት ዓመት በፊት በርንሊ ከሚገኘው ሆስፒታል በሁለት አውቶቡስ ሄደው ነበር ያመጧቸው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደህና ነበሩ። ከዚያ ማፏጨት ጀመሩ። ለማሳየት የተያዘው ቀጠሮ በረዶ የጣለ ቀን ዋለና ቀረ፤ ሌላ ቀጠሮ ወራት ወሰደ፤ እስከዚያ አባቷ አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ከተቷቸው። ናዲም አንድ ጊዜ ከተማ ውስጥ ካለ ሱቅ ዋጋ ጠይቆ ነበር። “በዚህ ብር ጆሮ ሳይሆን መኪና ነው የምገዛው” ብሎ ወጣ።

“ሥራቸው ምን ነበር?” አሉ ኖርማ።

“ፋብሪካ። ክሎፍ የሚባለው፣ ሽመና ቤቱ ውስጥ። ሌሊት ሌሊት።”

የባልቴቷ እጅ ቆመ። “ክሎፍ?” አሉ። “እኔ ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ እስኪዘጋ ድረስ እዚያው ነበርኩ፤ ቀን ቀን። እኛ ስንወጣ የሌሊቶቹ በበሩ ይገቡ ነበር።” ከረጢቱን ከመሣሪያዎቻቸው ጋር ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። “ቤታችሁ ሩቅ ነው?”

ሻሂዳ ምክንያት ፈለገች። “ቤቱ ተዝረክርኳል፤ ሻንጣ እያዘጋጀን…”

“የኔን ቤት አላየሽ” አሉ ኖርማ፤ ካፖርታቸውን ከወንበሩ ላይ እያነሱ ነበር።

*

ዳገቱን ቀስ ብለው ወጡ። ካፊያው ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ኖርማ በየመብራት ምሰሶው ሥር ቆም እያሉ ትንፋሽ ይሰበስባሉ፤ ሻሂዳ ጃንጥላውን ይዛ ትጠብቃለች፣ በልቧ ግን ሐሙስን ታስባለች።

ስለ ሐሙስ ለማንም ያልነገረችው ሐሳብ ነበራት። ናዲም አባታቸውን ወደ ማንችስተር አየር ማረፊያ ሲወስድ እሷ አትሸኝም። ቤት ትቀራለች። ቴሌቪዥኑን ከሶኬቱ ትነቅለዋለች። ከዚያ በቀን፣ መጋረጃው እንደተዘጋ፣ ትተኛለች። ከባሏ ተለያይታ ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰች ወዲህ፣ በተለይ እናቷ ከሞተች በኋላ፣ ጸጥታ እንደ ምግብ ያምራት ጀምሮ ነበር። አባቷን ስትቀሰቅስ ትጮሃለች፤ ስታበላቸው ትጮሃለች፤ መድኃኒት ስትሰጥ ትጮሃለች። ስልክ ሲመጣ እሷ ትመልሳለች፤ ሐኪሙ ሲጠይቅ እሷ ትመልሳለች። ከጊዜ በኋላ ሰዎች አባቷን መጠየቅ ትተው በቀጥታ ወደ እሷ መዞር ጀመሩ፤ “ምግብ ይበላሉ? እንቅልፍ ይወስዳቸዋል?” እያሉ። እሷም ወደ አባቷ ሳትዞር ትመልሳለች።

የቴሌቪዥኑ ጩኸት ከመንገዱ ማዶ ይሰማል።

“እሱ ነው ቤታችሁ?” አሉ ኖርማ።

“በምን አወቁ?” አለች ሻሂዳ፤ ሁለቱም ፈገግ አሉ።

አባቷ ሳቢር ሁሴን ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ባለው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጺማቸው በሂና ቀልቷል፤ ሰደርያቸው እስከ ላይ ተቆልፏል። እንግዳ ሲያዩ ተነሥተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ኖርማ ስማቸውን ተናገሩ፤ ሳቢር ፈገግ ብለው “አዎ፣ አዎ” አሉ። ኖርማ ዝናቡን አነሡ፤ “አዎ፣ አዎ” አሉ ሳቢር። ሻሂዳ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። አባቷ ግን ዓይናቸው ወደ ጨለመው መስተዋት የሄደው ቆይቶ ነው።

“አንድ ነገር ጠይቂያቸው” አሉ ኖርማ። “በቋንቋችሁ፣ እንደ ወትሮው ከቆምሽበት ሆነሽ። ግን ጨርሶ ሊሆን የማይችል ነገር ይሁን።”

“ምን ዓይነት?”

“የጎረቤትን ድመት ለምሳ በልተው እንደሆነ።”

ሻሂዳ ሴትዮዋን አየቻቸው። የሚቀልዱ አይመስሉም። ካፖርቷን እየሰቀለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ “አባጂ፣ ዛሬ የጎረቤትን ድመት ነው የበሉት?” አለች።

ሳቢር ያንኑ ፈገግታ ፈገግ አሉ። “አዎ፣ አዎ” አሉ። “በጣም ጥሩ ነበር። አልሐምዱሊላህ።”

ሻሂዳ ሳቋ አመለጣት። ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። አባቷም ልጃቸው ስትስቅ አይተው ሳቁ። ኖርማ ብቻ አልሳቁም። ከዚያ ሻሂዳ በድንገት ሳቋ ተቋረጠ።

ባለፈው ወር አንድ እሑድ፣ ናዲም እዚሁ ወንበር አጠገብ ቁጢጥ ብሎ “አባጂ፣ አገር ቤት ገብተው መኖር ይፈልጋሉ?” ሲል፣ እሷ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ያው ፈገግታ። ያው “አዎ፣ አዎ”። “በጣም ጥሩ፣ አልሐምዱሊላህ” ብለው ነበር አባቷ። ናዲም ዓይኑ እንባ አቀረረ። “አየሽ ባጂ፣ ሲጠብቁት የኖሩት ነገር ነው” አላት፤ ታላቅ እህቱን ባጂ ነው የሚላት። እሷም ሻዩን አስቀምጣ ወደ ኩሽና ሄደች። አላወቀችም ነበር ማለት አትችልም። ማወቅ አልፈለገችም።

*

ኖርማ አንድ በርጩማ ጎትተው መስኮቱ ዳር፣ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ እንዲወድቅ አድርገው ተቀመጡ። ሻሂዳ የአባቷን ወንበር ወደዚያ አዞረችላቸው። ሳቢር እንደ ጨዋ ሰው ተከተሏቸው፤ ፈገግታውም ገና ፊታቸው ላይ ነበር።

ከዚያ ኖርማ አፋቸውን ከፈት አድርገው፣ ከንፈራቸውን ዘርጋ ሰብሰብ እያደረጉ፣ ያለ ምንም ድምፅ ተናገሩ።

የሳቢር ፈገግታ ወደቀ። ወደ ፊት ዘንበል አሉ። የሴትዮዋን አፍ፣ ሰው በገበያ መሐል የድሮ ወዳጁን አይቶ እሱ ይሁን አይሁን ሲጠራጠር እንደሚያየው ዓይነት አዩት። ኖርማ ደገሙት። ያን ጊዜ የሽማግሌው ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ እሱም ያለ ድምፅ።

“ ‘ሁለተኛው ክፍል፣ ሌሊት’ አሉኝ” አሉ ኖርማ ወደ ሻሂዳ ዞረው። “የትኛው ክፍል ነበርክ ብዬ ጠይቄያቸው ነው። ማሽኖቹ ሲጮሁ ጆሮ የሚባል ነገር አያገለግልም ነበር እኮ። በከንፈር ነበር የምናወራው። ከአዳራሹ ወዲያ ጫፍ ላለችው ሳይቀር ሐሜት እንልክ ነበር። የሌሊቶቹም እንደሚችሉት አውቃለሁ፤ ለዚህ እንግሊዝኛ አይጠይቅም ነበር።”

ከዚያ በኋላ ኖርማ መተርጎሙን ረሱት። ሻሂዳ ቆማ አየቻቸው። ሁለት አዛውንቶች፣ አፋቸው እየተከፈተ እየተዘጋ፣ እጃቸው እየተወራጨ፣ ክፍሉ ውስጥ ግን የዝናቡ ድምፅ ብቻ። አባቷ አንድ ሰው እግሩን እየጎተተ ሲራመድ በጣታቸው አሳዩ። ኖርማ ጉልበታቸውን መቱ፤ ሰውየውን አውቀውታል፤ ማሽን አስተካካይ ነበር። ቀስ በቀስ የአባቷ ድምፅ መጣ፣ በመጀመሪያ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ የምር ድምፅ፤ በልጅነቷ በስልክ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲያወሩ የምትሰማው እንግሊዝኛ።

“እናንተ የሌሊቶቹ” አሉ ኖርማ፤ እሳቸውም አሁን ድምፅ አውጥተው፣ ከንፈራቸውን ግን እንደዚያው አጉልተው እያንቀሳቀሱ፤ “ማሽኑን ጭቃ አድርጋችሁ ነበር የምታስረክቡን።”

“እናንተስ? በየማሽኑ ሥር የከረሜላ ወረቀት! ሸማኔ ነኝ ብዬ መጥቼ ሌሊቱን ሙሉ የሴቶች ቆሻሻ ስለቅም አድር ነበር።”

“ሁሉም ወረቀት ብቻ አልነበረም። አንዳንዱ ውስጡ ከረሜላ ነበረው። ረስቼው ሄጄ ጠዋት ስመጣ የለም።”

ሳቢር እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። “ያንቺ ነበር?”

“ሌባ!”

“ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፤ ጣፋጭ ነበር።”

አባቷ ይቀልዳሉ። ሻሂዳ ቅናት ቢጤ ተሰማት፤ ከዚያ አፈረች። እኚህ ሴት ከመጡ ሰዓት አልሞላቸውም፤ እሷ ደግሞ በስንት ዓመት አንዴ እንኳ እንዲህ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ አታውቅም። ከኩሽና ነው የምታወራቸው። ከደረጃ ላይ። ጀርባቸውን አልፋ እየሄደች።

“አባቴ በኛ ቋንቋስ ከንፈሬን ማንበብ ይችላሉ?” አለች።

“ፊትሽን ከሰጠሻቸው” አሉ ኖርማ። “ግን ከንፈር ብቻውን ያደክማል። ጆሯቸውን እንይ።”

በትንሿ መብራት ሁለቱንም ጆሮ አዩ፤ ኩክ የለም። ከቦርሳቸው አዲስ ቱቦ አወጡ። አሮጌውን ቆርጠው ጣሉት፤ አዲሱን በጆሮ ልክ በተሠራው ፕላስቲክ ውስጥ አሾልከው ሳቡት፤ ከሳቢር ጆሮ ጋር ለክተው ትርፉን ቆረጡ፤ ባትሪ ከተቱ። ሳቢር ፀጉር አስተካካይ ዘንድ እንደተቀመጠ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። ሁለተኛው ጆሮ ውስጥ ሲገባ ግን ዓይናቸው ተከፈተ። ወደ ጣሪያው አዩ።

“ዝናብ ነው እንዴ?” አሉ።

“ከጠዋት ጀምሮ ነው፣ አባጂ” አለች ሻሂዳ።

ወደ እሷ ዞሩ። ፊታቸው ኮስተር አለ። “ጉንፋን ይዞሻል?”

“የለም።”

“ድምፅሽ ሻክሯል።”

“ሦስት ዓመት ስጮህብዎ ነው የሻከረው” አለች። ሳታስበው ነው ያመለጣት። እንዲህ ዓይነት ነገር ብዙ ጊዜ ብላ ታውቃለች፤ አይሰሙማ። አሁን ግን አባቷ ዓይናቸውን ዝቅ አደረጉ።

ኖርማ መሣሪያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።

በሩ ላይ፣ ካፖርታቸውን እያለበሰቻቸው፣ ሻሂዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ስለ ሐሙስ ለምን አልጠየቋቸውም?” አለች። “እኔ ሳልሰማ በከንፈር ሊጠይቋቸው ይችሉ ነበር።”

“አስቤ ነበር” አሉ ኖርማ። “ግን ቤቱ የኔ አይደለም።” ጃንጥላውን ተቀበሏት። “ማታ ሲተኙ ያውልቁት። ዛሬና ነገ ይሰለቻቸዋል፤ የሹካው፣ የወንበሩ፣ የሁሉ ነገር ድምፅ እንደ መዶሻ ነው የሚሆንባቸው። እኔ የመጀመሪያው ቀን ያጨበጨበ ሰው ልመታ ነበር። ቀስ ብለው ይልመዱት። ባትሪ ሲያልቅ የት እንዳለሁ ታውቂያለሽ።”

*

ምስሩን ጥዳ ሽንኩርት እየቀላች ሳለ ሐሳቡ መጣባት። መስሚያው ከባትሪው ውጭ ምንም አይደለም። የባትሪው በር በጥፍር ይከፈታል። ዛሬ ማታ ቢወጣ፣ ነገ ከነገ ወዲያ “ይኸው ተበላሸ” ቢባል፣ ማንም ምንም አይጠይቅም። ናዲም መጥቶ ይወስዳቸዋል። መጋረጃው ይዘጋል። ሐሳቡን አባረረችው፤ ግን መጥቶ ነበር፤ ከየት እንደመጣም ታውቀዋለች።

የድስቱ ክዳን ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ከኋላዋ አንድ ሰው “ያ አላህ!” አለ። አባቷ ጆሯቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

“ይህ ሁሉ ጩኸት ሁልጊዜ ነበር?” አሉ።

“ሁልጊዜ።”

“እና እንዴት ቻልሽው?”

ፈገግ አለች። አባቷ ግን ዓይናቸው ወደ ኮሪደሩ ሄዶ ነበር፤ በሰማያዊ ገመድ ታስሮ ከግድግዳው ጋር ወደ ቆመው ትልቅ ሻንጣ።

“ያ ሻንጣ የማን ነው? ስንት ቀኑ ነው ሲያደናቅፈኝ። ናዲም ሊሄድ ነው መሰለኝ። ማንም ስላልነገረኝ ዝም አልኩ።”

ሻሂዳ እሳቱን አጠፋች። እጇን በፎጣ ጠረገች። ከዚያ ዞራ ፊቷን ሰጠቻቸው።

“የእርስዎ ነው።”

“የኔ? የት ልሄድ?”

“አገር ቤት፣ ሚርፑር። ከነገ ወዲያ ሐሙስ።”

“ሐሙስ” አሉ፤ የሰሙትን ለማጣራት። “ለስንት ጊዜ?”

“ለመኖር፣ አባጂ።”

ሽማግሌው በርጩማውን ስበው ተቀመጡ። ቁጣ ስትጠብቅ አልተቆጡም። “ማን ነው ያለው?”

“እርስዎ። ናዲም ሲጠይቅዎ አዎ አሉ። ደጋግሞ ነው የጠየቅዎ።”

“እኔ እኮ ለሁሉም አዎ ነው የምለው! ለፖስተኛውም አዎ ነው የምለው። ትናንት አንድ ሰው በሩን አንኳኩቶ የሆነ ነገር ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። ምን እንደሸጠልኝ ፈጣሪ ይወቅ።”

“አልሰማሁም አይሉም?”

ሳቢር ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩአት። “አንዴ ‘ምን?’ ስል ትደግሙልኛላችሁ። ሁለቴ ስል ትጮሃላችሁ። ሦስተኛው ላይ የምታሳዩኝን ፊት አንቺ አላየሽውም፣ ያንቺ ፊት ስለሆነ። እኔ አየዋለሁ። አዎ ማለት ይሻለኛል።”

ሻሂዳ ፎጣውን አጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው።

“ናዲም ክፉ አስቦ አይደለም” አለች በመጨረሻ። “ ‘አገሬ ልግባ፣ አገሬ ልግባ’ ሲሉ ነው ያደግነው።”

“አልኩ። በየክረምቱ ብያለሁ። እዚህ ዝናብ ላይ ቆሞ ያላለ ማን አለ?” ከንፈራቸው ፈገግታ ቃጣው። “ፋብሪካው የተዘጋ ጊዜ እውነቴን ነበር። ከዚያ እናንተ ትምህርት ገባችሁ፤ ከዚያ እናታችሁ ታመመች። አሁን እሷም እዚሁ ናት፣ ዳገቱ ላይ ተቀብራ። እዚያ ያሉት የወንድሜ ልጆች ልጆች ናቸው፤ መንገድ ላይ ባገኛቸው አላውቃቸውም።” ቀና ብለው አዩአት። “አንቺስ? አንቺ ምን ትያለሽ?”

“እኔ ምንም…” ብላ ጀመረች። ሁልጊዜ የምትለው ይህንኑ ነበር። “እኔ ደህና ነኝ” ልትል ነበር። ግን ዛሬ የነገሩ ሁሉ ሥር “አዎ” እና “ደህና” እንደሆነ አይታለች። ወለሉን እያየች፣ ለራሷ እንደምታወራ ያህል በዝግታ፣ “ደክሞኛል፣ አባጂ” አለች።

ያን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ አባቷ ጆሮ ከደረሰ ዓመታት ሆኖታል።

“ሰማሁ” አሉ።

ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ሳቢር ጣታቸውን አጣመሩ።

“ምን ያህል?” አሉ።

“ምን?”

“ምን ያህል ደክሞሻል?”

“ሐሙስ ከሰዓት…” ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። “ሐሙስ እርስዎ ሲሄዱ ልተኛ ነበር ያሰብኩት። ቴሌቪዥን ሳይጮህ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም። ልጅዎ እንዲህ ታስባለች።”

ፊቷን እንዳያዩ ልትዞር ስትል እጅዋን ያዙ። የሸማኔ እጅ ነው፤ ጣቶቹ ጎብጠዋል፣ ጉልበቱ ግን አልሄደም።

“አትዙሪብኝ፤ ከዞርሽ አልሰማም” አሉ። ቀጥለውም፣ አንድ ነገር ለብቻቸው አመዛዝነው እንደጨረሱ ሰው፣ “እሄዳለሁ” አሉ። “ለመኖር አይደለም። አንድ ወር ተቀምጬ፣ የወንድሜን መቃብር አይቼ፣ ልጆቹን ስማቸውን ጠይቄ እመለሳለሁ። አንቺም ትተኛለሽ። ስመለስ ደግሞ ናዲምም ቤት አለው፤ ደረጃውም ከኛው ያነሰ ነው። ከሳምንቱ እኩሌታውን እዚያ እሆናለሁ።”

“የናዲም ሚስት እሺ ካላለች…”

“ለናዲም እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። አንቺ አትንገሪው።”

*

ናዲም የመጣው ሊመሽ ሲል ነው። ጎማ ከሚቀይርበት ጋራዥ በቀጥታ ስለመጣ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል፤ ፀጉሩ በዝናብ ርሷል። ገና በሩን ሳይዘጋ፣ እንደ ለመደው፣ “አባጂ! እንዴት ዋሉ!” ብሎ ጮኸ።

“ምን ያስጮህሃል?” አሉ ሳቢር ከሳሎን። “ደንቆሮ መሰልኩህ?”

ናዲም አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ ሆኖ ቆመ። ወደ እህቱ አየ። “ባጂ፣ ምን ሆኑ?”

“ጠይቃቸው።”

“ሻንጣው አለቀ? የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ከተትሽ? ጠዋት ምን በሉ?”

“ጠይቃቸው አልኩህ።”

“እንዴት አድርጌ ነው የምጠይቃቸው? እኔን አይሰሙኝም። አንቺ ንገሪኝ እንጂ።”

“መስኮቱ ጋ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጥ” አለች ሻሂዳ። “መብራቱ ፊትህ ላይ ይሁን። አትጩህ። ጠይቀህ ደግሞ እስኪመልሱልህ ጠብቅ፤ ራስህ አትመልስላቸው።”

ምስሩንና ቂጣውን አቅርባ ሁለት ሳህን ዘረጋች። ናዲም ሳህኖቹን አየ።

“አንቺስ?”

“እኔ ልተኛ ነው።”

“አሁን? ገና እኮ አልጨለመም።”

መልስ ሳትሰጠው ደረጃውን ወጣች። መኝታ ቤቷ ገብታ መጋረጃውን ዘጋች። ልብሷን ሳታወልቅ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት እንደሸተተች፣ አልጋው ላይ ጋደም አለች። ከታች የአባቷ ድምፅ ይመጣል፤ ዝግ ያለ፣ የማይቸኩል። ቀጥሎ የናዲም፣ ከፍ እያለ። ቀጥሎ ወንበር ተንሻተተ። አባቷ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ናዲም “ምን?” አለ። አባቷ ደገሙለት።

ከዚያ የናዲም እግር ወደ ደረጃው ሥር ሲመጣ ሰማች።

“ባጂ! የመመለሻ ትኬት ቁረጥልኝ ነው የሚሉኝ! ‘አንድ ወር’ ይላሉ። ከዚያ ደግሞ ከሳምንቱ እኩሌታውን እኔ ቤት… የምራቸውን ነው? ባጂ! ምን ማለታቸው እንደሆነ ንገሪኝ! ትሰሚያለሽ?”

አንዲት ቃል አላመለጠቻትም። “አዎ፣ የምራቸውን ነው፤ ማለታቸው እኮ…” የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

አፏን ዘጋችው። ወደ ግድግዳው ዞረችና ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዋ ሳበች።